መኪናዋን ሳትገዟት ስድስት ወር ንዷት



ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥተን በገዳሪፍ ከተማ፣ በሸወክና በወድ ኤል ሒለው አካባቢ ሥራ የያዝን የቀድሞ ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን መምህር አለ፣ በክሊኒክ የምትሠራ ነርስ አለች፣ በሰሊጥ መጋዘን ሒሳብ የሚይዝ አለ፣ አስተርጓሚም አለ። የሁላችንም ደመወዝ ትንሽ ነው። ለዘንድሮው መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎችን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ያነሱት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ሥራ ስይዝ በመጀመሪያ መኪና ልግዛ ብል ቤተሰቤ ለምን ይቃወመኛል?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን የስንቱን ቤት ሰላም እንደነሣ እናውቃለን። ወጣቱ «አላደግሁም ወይ?» ይላል። ወላጅ «ገንዘብህን ብረት ሊበላው ነው» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ስለሆነ ክርክሩ አያልቅም። ስለዚህ እኛ ማን ትክክል እንደሆነ ከመፍረድ ይልቅ ጥርጣሬው ውስጥ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ለማየትና መልስ የሚገኝበትን መንገድ ለማሳየት እንሞክራለን።

ወላጆች ምን እያሉን ነው?

በዚህ አካባቢ ያሉ ወላጆቻችን ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ሁሉን ጥለው የመጡ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡና በጦርነቱ ጊዜ በእግራቸው ድንበር የተሻገሩ አሉ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሐምዳይት በኩል ሰቲትን ተሻግረው ወደ ኡም ራኩባና ወደ ሌሎች መጠለያዎች የተወሰዱ አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲጀመር ለብዙ ዓመት የሠሩበትን ቤት ቆልፈው ወደ ገዳሪፍ የመጡም አሉ። ለእነሱ ሀብት ማለት በመቀነት ታስሮ የሚሄድ ነገር ነው። እናቶቻችን ትርፍ ገንዘብ ሲያገኙ ወርቅ የሚገዙት ለጌጥ ብቻ አይደለም። ወርቅ ነዳጅ አይጠጣም፣ ጎማ አይለወጥለትም፣ ፍተሻ ላይ ታርጋ አይጠየቅም።

በካርቱም ጦርነት ከየቤቱና ከየመንገዱ የተዘረፈው መኪና ብዙ ነው። ይህን ያየ ወላጅ «መኪና አትግዛ» ቢል ምን ይፈረድበታል? በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ሰሞን መኪናና ነዳጅ የነበረው ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ወጥቷል፤ ያልነበረው የአውቶቡስ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲንር ቆሞ ተመልክቷል። ያው መኪና ለአንዱ መዳኛ፣ ለሌላው የሚያስቀማ ንብረት ሆነ።

የወላጆችን ጥርጣሬ ሰብስበን ስናየው አራት ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መንገዱ ይችላታል ወይ? ወረቀቷ በማን ስም ነው? ከተገዛችስ በኋላ የማን ትሆናለች? ለእነዚህ መልስ ያለው ወጣት ቤቱን ማሳመን አያቅተውም። መልስ የሌለው ደግሞ ቤቱ እሺ ቢለው እንኳ ባይገዛ ይሻለዋል።

የመኪና ዋጋ ሁለት ነው

አንዱ ዋጋ ለሻጩ የሚቆጠረው ነው። ሁለተኛው በየወሩ ለመኪናዋ የሚቆጠረው ነው። ወጣት የመጀመሪያውን ያስባል፤ ወላጅ የሁለተኛውን ይፈራል። በትንሽ ደመወዝ ላይ ሰውን የሚጥለው ሁለተኛው ነው።

በክፍል ውስጥ እንደምንሠራው ሒሳብ እንሥራው። አንድ ትንሽ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ቤንዚን ትጠጣለች እንበል። ሥራ ደርሶ መመለሻ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖር፣ 260 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለገበያ፣ ለለቅሶና ለሠርግ 140 ብንጨምር በጠቅላላው 400 ኪሎ ሜትር ነው። 400 በ7 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 28 ሊትር ይመጣል። አሁን 28ን በዛሬው የሊትር ዋጋ አባዙት። ማደያው ሰልፍ ከሆነና ቤንዚኑ በጀሪካን ከመንገድ ዳር የሚገዛ ከሆነ ደግሞ በመንገድ ዳሩ ዋጋ አባዙት፤ በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ዋጋ እሱ ነውና።

በዚህ ላይ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ አለ። ጎማ አለ፤ አራት ጎማ በአራት ዓመት ያልቃል ብንል በዓመት የአንድ ጎማ ዋጋ ነው። የዓመት ፈቃድ ማደሻና የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ ለ12 ተካፍሎ በየወሩ ይያዛል። የመጨረሻው ጥገና ነው። መኪናዋ አሮጌ ከሆነች እኛ የምንጠቀምበት ልማድ የወር ነዳጇን ያህል ለጥገና ማስቀመጥ ነው። በአንዳንድ ወር ምንም አትጠይቅም፤ በሌላው ወር ግን የሦስት ወሩን አንድ ላይ ትጠይቃለች።

አሁን ደመወዙን 100 አድርጉት። ለምግብ 40፣ ለቤት ኪራይና ለውኃ 15፣ ለወላጅና ለታናናሾች 20፣ ለልብስ፣ ለስልክና ለሕክምና 10 ቢወጣ የሚቀረው 15 ነው። የመኪናዋ የወር ወጪ ከዚህ 15 ውስጥ ካልገባ ገንዘቡ የሚመጣው ከምግቡ ወይም ከወላጅ ድርሻ ነው። ወላጅ ይህን ቁጥር ሳይጽፍ ያውቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። ነዳጅና መለዋወጫ የሚከተለው ዶላርን ነው፤ ደመወዝ ግን አይከተልም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የሱዳን ፓውንድ ምንዛሪ ሲለቀቅ በመንግሥት ተመን 55 ፓውንድ የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ ወደ 375 ወጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአገራችንም ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወጣቶች «ፓውንድ ከማስቀምጥ መኪና ባስቀምጥ ዋጋዋ አይወድቅም» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ልክም ናቸው። ነገር ግን መኪና ዋጋዋን የምትጠብቀው ስትጠገን ነው፤ የምትጠገነው ደግሞ በተወደደው መለዋወጫ ነው። ዋጋዋ ወጣ ብለን ሸጠን እስክንበላት ድረስ እሷ እኛን ትበላለች።

ከመኪናዋ በፊት መንገዱን

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነች። በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ የተጀመረው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዞች ጊዜ ነው። ያን ምርት የሚሰጠው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው፤ መኪና የሚውጠውም እሱው ነው። በበጋ እንደ ሸክላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይለጠልጣል፤ ጎማ ላይ ተጠቅልሎ መከላከያውን ይሞላና ጎማው መዞሩን ያቆማል። ከአስፋልት ወርዶ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ያለው ቤት በከሪፍ ጊዜ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛዋ መኪና ታምራለች?» ሳይሆን «በነሐሴ ቤቴ በር ድረስ የምትደርሰው የትኛዋ ናት?» መሆን አለበት። በየአማራጩ የታዘብነው ይህ ነው።

ራክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምንላት፣ በዋጋ ከሁሉ ታንሳለች፤ ነዳጅ ትቆጥባለች፤ ከሁሉ በላይ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሰው ጭና የራሷን ወጪ ትሸፍናለች። ነገር ግን የከተማ ነች። በከሪፍ ጭቃ ሦስተኛው ጎማ መሄጃ ያጣል፤ በረጅም አስፋልት ላይ ከጭነት መኪና ጎን መንዳትም አደጋ ነው።

ትንሿ የቤት መኪና ለገዳሪፍ ከተማ ኑሮ ትስማማለች። ከካርቱም በስተደቡብ ያለው የጊያድ ፋብሪካ ሃዩንዳይ ይገጣጥም ስለነበር ሱዳን ውስጥ የሃዩንዳይ መለዋወጫ የሚያውቅ ሱቅና መካኒክ ብዙ ነው። ቶዮታም እንዲሁ። ሆኖም ሆዷ ከመሬት ቅርብ ነው። ቤታችሁ ከአስፋልት ዳር ካልሆነ አራቱን የክረምት ወር ከተማ ውስጥ ዘመድ ግቢ ማሳደር ግድ ይሆናል።

ቦክስ፣ ማለትም ፒክአፕ፣ በተለይ አሮጌ ሃይሉክስ፣ የአካባቢው ንጉሥ ነው። ከመሬት ከፍ ይላል፤ ፎር ዊል ከሆነ ብዙ ጭቃ ያልፋል፤ ሰሊጥና ማሽላ፣ በግና ሰው ይጭናል። በመከር ጊዜ ለጭነት እየተከራየ ያስገባል። ግን ዋጋው ለአንድ ትንሽ ደመወዝ ከባድ ነው፤ ነዳጁም ከትንሿ መኪና በብዙ ይበልጣል። ቦክስ ያላቸው አብዛኞቹ ጓደኞቻችን ከወንድም ወይም ከአጎት ጋር በጋራ የገዙ ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ድርሻና ወጪው በወረቀት እስከተጻፈ ድረስ።

ወረቀቷስ?

ወላጆች ከሁሉ የሚፈሩት ይህን ነው፤ እኛም አብረን እንፈራለን። መኪና በሰምሳር በኩል ስትሸጥ ብዙ ጊዜ ስም ሳይዛወር በተውኪል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ትሄዳለች። ሦስተኛው ገዢ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ባለቤት ሞቶ ወይም አገር ለቆ ይገኛል። ያን ጊዜ የገዛችሁት የመንጃ ፈቃድ እንጂ መኪና አይደለም። ተውኪል ቢኖርም ስሙን ለማዛወር ሻጩ ሙሩር ቢሮ አብሮ ካልመጣ ሙሉ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ሁለተኛው አደጋ ሰዉ «ቦኮ ሐራም» የሚላት መኪና ናት። ከሊቢያና ከቻድ በኩል በበረሃ ያለ ቀረጥ የገባች ማለት ነው። ዋጋዋ ስለሚያንስ ትንሽ ደመወዝ ያለውን ሰው ታጓጓለች። ግን በየኬላው ልብ እያስደነገጠች የምትሄድ መኪና ርካሽ አይደለችም። በተለይ እኛ የውጭ ዜጎች ስለሆንን፣ ከመካከላችንም የስደተኛ ወረቀት የያዙ ከመጠለያ ለመውጣት የመንገድ ፈቃድ የሚጠየቁ ስለሆኑ፣ የራሳችን ወረቀት በሚመረመርበት ቦታ ሁሉ የመኪናዋም ይመረመራል። የሁለታችንም ወረቀት ንጹሕ መሆን አለበት።

ሦስተኛው «አንድ ቀን በመተማ በኩል ይዣት አገሬ እገባለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። ይህን በቁም ነገር አስቡበት። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የሚጣለው ታክስ እንደ ዕድሜዋና እንደ ሞተሯ መጠን እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሎ መንግሥት ሰዉን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየገፋ ነው። ስለዚህ እዚህ የምትገዙት መኪና እዚሁ የምትሠራ፣ እዚሁ የምትሸጥ ናት። እናት «ስንመለስ ምን ታደርጋታለህ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ «እሸጣታለሁ» ነው፤ ለመሸጥም ንጹሕ ወረቀት ያስፈልጋታል።

ስትመርጧት

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ድረሱ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የዘይቱን ክዳን ክፈቱ፤ ውስጡ እንደ ወተት ነጣ ያለ አረፋ ካለ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ሳይበላ አይቀርም። ሞተሩ ሲነሣ ማርሚታውን ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው ማለት ነው፤ ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶ እየነደደ ነው።

ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜ ሊደርቅ ይችላል፤ በገዳሪፍ ሙቀት የደረቀ ጎማ ይፈነዳል። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ዋጋ ሳትጠይቁ ውጡ።

መሪውንም እዩ። ኢትዮጵያ በ1964፣ ሱዳን በ1973 (እ.ኤ.አ.) ወደ ቀኝ መንገድ ከተዛወሩ ወዲህ በሁለቱም አገር መሪ በግራ ነው። የጃፓን መኪና ግን በአገሩ መሪው በቀኝ ነው። መሪያቸው ወደ ግራ ተለውጦ የሚሸጡ አሮጌ መኪኖች ስላሉ ዳሽቦርዱ ሥር ብየዳና የተቀጣጠለ ሽቦ እንዳለ መካኒክ ይይላችሁ። መካኒኩ ሻጩ ያመጣው ሳይሆን እናንተ ይዛችሁት የሄዳችሁት ይሁን። ለእሱ የምትከፍሉት ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቡና አይበልጥም።

አንድ ነገር እንጨምር፦ አባት ወይም እናት አብረው ይሂዱ። ከሞተሩ ምንም ባይገባቸው እንኳ ሻጩን ያዩታል። ሰው በማወቅ ከእኛ ይበልጣሉ።

ስድስቱ ወር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። መኪናዋን ሳትገዟት በፊት ስድስት ወር ንዷት የምንለው እንዲህ ነው። ቅድም የሠራነውን የወር ወጪ፣ ነዳጁን፣ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ፈቃዱንና ጥገናውን፣ ደመወዝ በተቀበላችሁበት ቀን አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡት። መኪናዋ በር ላይ እንደቆመች ቁጠሩ። እየሄዳችሁ ግን በእግር ወይም በሃፍላ ነው፤ የሃፍላው ሒሳብ ከቀረው ደመወዝ ይከፈላል። በደብተር ጻፉት፤ ደብተሩን ቤት ውስጥ ሁሉም የሚያየው ቦታ አስቀምጡት። ከስድስቱ ወር ቢያንስ ሁለቱ በከሪፍ ይዋሉ፤ ምክንያቱም ከመከር በፊት ባለው ጊዜ እህል ይወደዳል፣ ወባም ይነሣል፤ የቤት ወጪ የሚፈተነው ያኔ ነው። እዚህ ገንዘብ ላይ ዕቁብ ወይም ሱዳኖቹ ሰንዱቅ የሚሉት ቢታከልበት የመግዣው ቀን ይቀርባል። ገንዘቡ ዋጋ እንዳያጣ የምትፈሩ ከሆነ ለእናታችሁ ስጡ፤ ወርቅ መግዛቱን ታውቅበታለች።

ስድስቱ ወር ካለፈ በኋላ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ሳይነካ ከተገኘ መኪናዋን መያዝ እንደምትችሉ ራሳችሁም ቤተሰባችሁም አውቃችኋል፤ ክርክር የለም። ገንዘቡ በየወሩ እየጎደለ ከመጣ መኪናዋ አንድ ደረጃ ዝቅ ትበል፤ ቦክስ የነበረው ሐሳብ ራክሻ ወይም የጋራ ግዢ ይሁን። ሦስተኛው ከእኛ መካከል ለአንዳንዶቻችን የደረሰው ነው። ገንዘቡ በአራተኛው ወር ለእናት ሕክምና ወይም ለታናሽ ወንድም የትምህርት ክፍያ ወጣ። መኪናው ቀረ። ግን ያ ገንዘብ በመኪና ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ከየት ይመጣ ነበር? በችኮላ የተሸጠ መኪና ግማሽ ዋጋ አያወጣም።

የማን ትሆናለች?

አራተኛው ጥያቄ ቀርቷል። በአንድ ሰፈር አንዲት መኪና ካለች የባለቤቷ ብቻ አትሆንም። በወድ ኤል ሒለው ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ያለው መኪና ነው። ወላጆች «መኪናህ የሁሉ ትሆናለች» ሲሉ ይህን እያሰቡ ነው፤ ሰው በር ሲያንኳኳ እምቢ ማለት እንደማይቻል ያውቃሉ።

እኛ ያየነው መፍትሔ ሕጉን አስቀድሞ ከቤተሰብ ጋር ማውጣት ነው። ለሕመምና ለሞት የነዳጅ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ይነሣል። ለሠርግ፣ ለገበያና ለጉዞ ነዳጁን ተሳፋሪው ይሞላል። መሪውን የሚይዘው መንጃ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው፤ የአጎት ልጅ ቢሆንም። ሕጉን ወጣቱ ራሱ ቢናገር ይቀየሙታል፤ አባት ወይም እናት ቢናገሩት ግን ይከበራል። መጀመሪያ የተቃወሙት ወላጆች በመጨረሻ የመኪናዋ ጠባቂ የሚሆኑት በዚህ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፤ ደብተሩን ዛሬ ጀምሩት፤ ደመወዝ ባይኖር እንኳ በኪስ ገንዘብ ይለመዳል። ወላጆቻችን፤ ልጃችሁ ያን ደብተር ይዞ ወይም ይዛ ስትመጣ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ገጹን ግለጡና ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን አንብቡ። መልሱ እዚያ ተጽፏል።